ከመደርደሪያው በፊት መዝገብ ያዙ

ጥያቄያችሁን አነበብኩት። የድሮው ፍርድ ቤት ሕንፃ ለአካባቢ ታሪክ ሙዚየም ሊሰጣችሁ ነው። ሁላችሁም በጎ ፈቃደኞች ናችሁ፣ ሰው ደግሞ ከወዲሁ ዕቃ ማምጣት ጀምሯል። ከምን እንጀምር፣ በመክፈቻው ቀንስ ምን እናሳይ ብላችኋል። እኔ በድሮ ፖስታ ቤት ውስጥ ባለ እንዲህ ዓይነት ሙዚየም 11 ዓመት በነፃ ሠርቻለሁ። ከተሳሳትንበት ልጀምር።

ዕቃ መቀበሉን ለጊዜው አቁሙ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው የእናቱን ዕቃ ይዞ በር ላይ ሲቆም እምቢ ማለት ይጨንቃል። እኛ እምቢ ማለት አልቻልንም። በመጀመሪያው ዓመት የመጣውን ሁሉ ተቀበልን፤ ፎቶ፣ ሬዲዮ፣ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ሳጥን ሙሉ ደብዳቤ። ማን እንዳመጣው የተቀበለው ሰው ያስታውሳል ብለን ነበር።

በአራተኛው ዓመት አንድ ሰው መጣ። «የስፌት መኪናው የእናቴ ነው፤ በውሰት ነው የሰጠናችሁ፤ መልሱልኝ» አለን። ዕቃውን የተቀበለችው ባልደረባችን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም። ወረቀት ፈለግን፣ የለም። ሰጠነው። ከጥቂት ወራት በኋላ እህቱ ልጆቿን ይዛ መጣች፤ የአያታቸውን መኪና ልታሳያቸው። እናቷ በስጦታ ስትሰጠን አብራት እንደነበረች ነገረችን። ምን ብዬ እንደመለስኩላት እንኳ አላስታውስም፤ ፊቷን ግን አልረሳውም።

ስለዚህ አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ አዘጋጁ። ማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ ስጦታ ነው ወይስ ውሰት፣ ሰጪው ብቻውን ባለቤት ነው ወይስ ወንድምና እህት አለው? በሁለት ቅጂ ይፈረም፣ አንዱ ለሰጪው ይሰጥ። ውሰት ከሆነ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት፤ ማለቂያ የሌለው ውሰት አትቀበሉ። ከታች ሰፊ ባዶ ቦታ ተዉና ሰውየው ስለ ዕቃው የሚያውቀውን እዚያው ጻፉ። ማን ይሠራበት ነበር? የት ቤት ውስጥ ነበር? ይሄ ካልተጻፈ በእጃችሁ ያለው አሮጌ ብረት ብቻ ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ። የተለመደው አሠራር ዓመቱን፣ የስንተኛው ርክክብ እንደሆነና የዕቃውን ተራ በነጥብ መለየት ነው። 2016.12.3 ማለት በ2016 በ12ኛው ርክክብ የመጣ ሦስተኛ ዕቃ ነው። ወረቀትና ፎቶ ላይ ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። ልብስ ከሆነ ቁጥሩ የተጻፈበት የጥጥ ጥብጣብ በጥቂት ስፌት ይያዝ። ፕላስተር በምንም ነገር ላይ አትለጥፉ፤ ሙጫው ይገባና አይለቅም። መዝገቡ በወረቀትም በኮምፒውተርም ይኑር፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ።

ይሄ አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ ያጸደቀውን የሙዚየም ትርጉም ተመልከቱ። ማጥናት፣ መሰብሰብ፣ መንከባከብ፣ ትርጉሙን ማስረዳት ይልና ለእይታ ማቅረብን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። እኛ ሁላችንም ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው።

ስለ ሕንፃው። ትልቁ ቅርሳችሁ እሱ ራሱ ነው፣ ቁጥር ብትሰጡት የመጀመሪያውን ቁጥር ይገባዋል። የዳኛው መቀመጫ፣ የተከሳሽ ሳጥን፣ የባለጉዳይ አግዳሚ ካለ አትንኩት። ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቬኒስ ቻርተርም፣ ታሪካዊ ሕንፃን ለሕዝብ ጥቅም ማዋልን ይደግፋል፤ ግን አቀማመጡና ጌጡ እንዳይለወጥ ያስጠነቅቃል። እኛ የደብዳቤ መቀበያውን የእንጨት ባንኮኒ ቦታ ይይዛል ብለን ልናነሳው ነበር። እንኳን ተውነው። አሁን ጎብኚ መጀመሪያ የሚዳስሰው እሱን ነው።

ግድግዳው በኖራ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በሲሚንቶ አትለስኑት። ኖራ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል። እኛ ያማረ መስሎን አንዱን ክፍል በሲሚንቶ አስለሰንን። በሁለተኛው ዝናብ ቀለሙ አበጠ፣ ጨው አወጣ፣ ግድግዳው ሥር የነበሩ ሁለት የፎቶ አልበሞችም ሻገቱ። መደርደሪያ ከግድግዳው በመጠኑ ራቅ ይበል። መሬት ላይ ምንም ነገር አይቀመጥ።

ብርሃንም እንደዚያው ነው። ለወረቀት፣ ለልብስና ለድሮ ፎቶ የሚመከረው ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። የብርሃን ጉዳት ይደማመራል፣ የደበዘዘ ቀለም አይመለስም። ዋናውን ፎቶ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡና ጥሩ ቅጂ ስቀሉ። ብል ያለበት የሱፍ ልብስ ከመጣ በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ፀረ ተባይ አትርጩበት። የመስታወት ፎቶና የዘይት ቅብ ግን ፍሪዘር ውስጥ አይገባም።

ስለ ሰዓታችሁ አጭር ምክር አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ነን ብላችሁ በር ዘግታችሁ ከምትገኙ በሳምንት ሁለት ቀን ሳታጓድሉ ክፈቱ። ተረኛ ሁሌ ሁለት ሰው ይሁን። የተረኛ ደብተር በሩ አጠገብ ይኑር፤ ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ የቱ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ሁሉም ይጻፍበት። አንጋፋ አባሎቻችሁ የሚያውቁትን አሁኑኑ በድምፅ ቅረጹ። እኛ ለነገ እያልን ሦስት ሰዎች አመለጡን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለመክፈቻው አንድ ክፍል ይበቃችኋል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሠሩትን ሰዎች አሳዩ፤ ጸሐፊውን፣ ዘበኛውን፣ ተላላኪውን። የቡድን ፎቶዎችን በትልቁ አባዙ፣ ለእያንዳንዱ ፊት ቁጥር ስጡ፣ ከጎኑ ወረቀትና እርሳስ አስቀምጡና «የምታውቁት ሰው አለ?» ብላችሁ ጻፉ። እኛ በዚህ መንገድ በመጀመሪያው ወር የ9 ሰዎች ስም አገኘን። ለአንዲት ሴት ግን ሁለት ጎብኚዎች ሁለት የተለያየ ስም ጻፉላት። ሁለቱንም ስሞች ከነተናጋሪዎቻቸው መዝግበናል፤ እስካሁን ሦስተኛ የሚያውቃት ሰው እየጠበቅን ነው።