ጥያቄና መልስ፦ ሂሳብን በቡድን መመራመር

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ግቢ የ3ኛ ዓመት የሂሳብ ተማሪዎች ነን። አራት ሆነን የቡድን ምርምር እንድንሠራ ስለተነገረን የኮላትዝን ግምት መረጥን። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ እሱን ከመተው ጀምሩ። ግምቱን ማንም ይረዳዋል፤ ከ1 ጀምሮ ያለ አንድ ሙሉ ቁጥር ያዙ፤ ተጋማሽ ከሆነ ለ2 አካፍሉ፣ ካልሆነ በ3 አባዙና 1 ደምሩ፣ በሚመጣው ቁጥርም ላይ ይህንኑ ደጋግሙ፤ ሁልጊዜ መጨረሻው 1 ነው ወይ? ኮምፒውተር እስከ 2⁷¹ ድረስ ያሉትን ቁጥሮች ፈትሾ አንድም የሚያፈነግጥ አላገኘም፤ ማረጋገጫ ግን እስከ ዛሬ የለም። ችግሩ ክብደቱ ብቻ አይደለም። መሃል ላይ ይዛችሁት የምትወጡት ትንሽ ውጤት የለውም፣ ሴሚስተሩ ባዶ እጃችሁን ያልቃል።

ለጀማሪ ቡድን የሚሆነው ትንንሹ ምሳሌ በእጅ የሚሠራ፣ ሕጉ የሚቀየር፣ የሚመስለው ሌላ ጥያቄ ደግሞ ቀድሞ የተፈታ ጥያቄ ነው። አንዱን እነሆ። 10 ፍሬ ሽምብራ እንደፈለጋችሁ በክምር ክምር ክፈሉ። ከእያንዳንዱ ክምር አንድ አንድ ፍሬ አንስታችሁ፣ ያነሳችሁትን አዲስ ክምር አድርጉ። ደጋግሙት። ከየትም ብትነሱ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ላይ ደርሶ ይቆማል። ጨዋታው የቡልጋሪያ ሶሊቴር ይባላል፤ ብራንት የተባለ የሂሳብ ሰው በ1982 ማረጋገጫውን አሳተመ፣ የሂሳብ ጨዋታዎች ጸሐፊው ማርቲን ጋርድነር በ1983 ለሰፊው አንባቢ አደረሰው። የሚቆመው ፍሬው 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15 እያለ ሲሄድ ብቻ ነው። በ4 ፍሬ ሞክሩት፦ 3 እና 1 ወደ 2 እና 2፣ ከዚያ ወደ 2፣ 1፣ 1፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ 3 እና 1። ይዞራል እንጂ አይቆምም።

10 ፍሬ የሚከፈልባቸው መንገዶች 42 ናቸው፤ ለአራት ሰው አሥር አሥራ አንድ ይደርሳችኋል፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከ12 እርምጃ በላይ የሚፈጅ መነሻ የለም። አንዳችሁ 13 ብሎ ከመዘገበ ወይ አንድ ፍሬ ብቻ የነበረውን ክምር ሳያነሳ አልፏል፣ ወይ አዲሱን ክምር ከአሮጌው ጋር ቀላቅሎታል።

ምርምሩ የሚጀምረው ሕጉን ስትቀይሩ ነው። «አንድ ፍሬ ያለውን ክምር አንንካ» ብትሉ ጥያቄው በአሥር ደቂቃ ይሞታል፤ በየእርምጃው የክምሩ ብዛት በአንድ ስለሚጨምር መጨረሻው ሁሉም አንድ አንድ መሆን ነው። ቢሆንም ጻፉት፤ የመጀመሪያ ውጤታችሁ እሱ ነው። «ከየክምሩ ሁለት ሁለት እናንሳ፣ አንድ ብቻ ካለው አንዱን» ብትሉ ግን ነገሩ ይጣፍጣል። በ5 ፍሬ 3 እና 2 ወደ 4 እና 1 ሄዶ ይመለሳል። በ6 ፍሬ ግን 11ዱም መነሻዎች 4 እና 2 ላይ ደርሰው ይቆማሉ። 7ን፣ 8ንና ከዚያ በላይ ያለውን ለእናንተ ትተናል። 20 ላይ ስትደርሱ መንገዶቹ 627 ስለሚሆኑ ፓይተን ወደሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተሻገሩ፤ ስልክ ላይ የሚሠራው ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማራኪ በሚባለው የጎንደር ሰፈር የምኖር መምህር ነኝ። የቡድን ሥራ ስሰጥ አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቁጥሩን ይቀንሱ፤ ሦስት ወይም አራት ይሁኑ። አምስተኛው ተመልካች ነው። ሥራውን «አንተ መግቢያ፣ አንቺ ማረጋገጫ፣ እሱ ታይፕ» ብለው አያከፋፍሉ፤ ታይፕ የሚያደርገው ልጅ ታይፕ እንዳደረገ ይመረቃል። ሁሉም ያንኑ ጥያቄ ይያዙ፣ የሚከፋፈሉት ስሌቱን ብቻ ይሁን።

በሳምንት አንድ የ90 ደቂቃ ስብሰባ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ በወረቀቱ ላይ ይሥራ። ያለዚህ ፈጣኑ ልጅ አፉን ሲከፍት የሌሎቹ አእምሮ ይዘጋል። ጸሐፊው በየሳምንቱ ይቀያየር። በመዝገቡ ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ከሦስት ቃላት አንዱ ይጻፍ፦ «ተረጋግጧል»፣ «እስከዚህ ቁጥር ተሞክሯል»፣ «ግምት»። ብዙ ቡድን የሚወድቀው ባለፈው ወር ግምት የነበረው ነገር ሳይታወቅ ቲዮረም ሆኖ ስለሚገኝ ነው።

ለነጥብ አሰጣጡ ዕጣ ያውጡ። ዕጣ የወጣበት ተማሪ ዋናውን ማረጋገጫ ያለ ወረቀት ሰሌዳ ላይ በ10 ደቂቃ ያስረዳል፤ ያገኘው ነጥብ የሁሉም ነው። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ይንገሯቸው፣ በመጨረሻው ከሆነ ቅጣት ይመስላል። በጥምቀት ሳምንት ደግሞ ስብሰባ አይያዙ፤ ጎንደር ውስጥ ማን ይመጣል?

ጥያቄ፦ ከአዘዞ። ክብ ላይ ነጥቦች አድርገን ሁሉንም እርስ በርስ በመስመር ስናገናኝ፣ ክቡ የሚከፈልባቸው ክፍሎች ከ1 እስከ 5 ነጥብ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሆኑ። «በየጊዜው እጥፍ ይሆናል» ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ 6ኛዋን ነጥብ ጨምራችሁ ቁጠሩ። 31 ነው፣ 32 አይደለም። 30 ካገኛችሁ ነጥቦቹን እኩል አራርቃችኋል ማለት ነው፤ ሦስት መስመሮች መሃል ላይ በአንድ ነጥብ ተገናኝተው አንድ ክፍል ውጠዋል። አንዷን ነጥብ ትንሽ አንሸራትቱ።

ምክንያቱን ማየት ከቁጥሩ ይበልጣል። ባዶው ክብ 1 ክፍል ነው። እያንዳንዱ መስመር 1 ይጨምራል፣ እያንዳንዱ መስቀለኛ ነጥብም 1 ይጨምራል። መስመር በሁለት ነጥቦች፣ መስቀለኛው ደግሞ በአራት ነጥቦች ይወሰናል። ከ6 ነጥብ ሁለት ሁለቱን በ15፣ አራት አራቱንም በ15 መንገድ መምረጥ ይቻላል፤ 1 + 15 + 15 = 31። 10 ነጥብ ላይ 256 ይመጣና እንደገና ሊያሳስታችሁ ይሞክራል፤ እጥፍ እያለ ቢሄድ ኖሮ 512 በሆነ ነበር።

ጥያቄ፦ ያገኘነው ነገር አዲስ መሆኑን በምን እናውቃለን? ኔትወርኩም መብራቱም ይቆራረጣል።

መልስ፦ ያገኛችኋቸውን የመጀመሪያ ሰባት ስምንት ቁጥሮች ኦኢአይኤስ (OEIS) በሚባለው የሴኩዌንሶች፣ ማለትም የተከታታይ ቁጥሮች፣ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ አስገቡ፤ ኒል ስሎን በ1964 መሰብሰብ የጀመረው ነው፣ በነጻ ይከፈታል። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ብቻ ካስገባችሁ መዓት መልስ ይመጣል፣ 31 እና 57 ሲጨመሩ ነገሩ ጥርት ይላል። ከዚያ አርካይቭ (arXiv) በሚባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ጽሑፎቹን በፒዲኤፍ አውርዳችሁ በፍላሽ ተካፈሉ። የሂሳብ ጽሑፍ በኢንተርኔት የሚዘጋጅበት ኦቨርሊፍ ያለ ኢንተርኔት ስለማይሠራ አንድ ላፕቶፕ ላይ የሂሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃውን ላቴክስን ጫኑ። ውጤቱ ቀድሞ የታወቀ ሆኖ ቢገኝም ማረጋገጫችሁ የተለየ ከሆነ ሥራው አልሞተም።

ጥያቄ፦ የማን ስም ይቅደም?

መልስ፦ በሂሳብ ልማዱ የፊደል ተራ ነው፤ ማን የበለጠ ሠራ አይባልም። የእኛ አገር ችግር ሌላ ነው። መጽሔቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዳሉ። ዓለሙ ወርቁና ፋሲል አበራ ቢጽፉ በራሳቸው ስም ዓለሙ ይቀድማል፣ በአባት ስም ግን ፋሲል። ከመላካችሁ በፊት ተስማሙ፣ የስማችሁንም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከዚያ በኋላ አትቀያይሩ።

ጥያቄ፦ ማረጋገጫውን ቻትጂፒቲ ቢሠራልንስ?

መልስ፦ የሰጣችሁን እያንዳንዱን መስመር ዕጣ የሚወጣበት ልጅ ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ከቻለ ችግር የለም። «በግልጽ እንደሚታየው» የሚል ሐረግ ስታዩ ግን እዚያው ቁሙና በ5 ወይም በ6 ፍሬ ሞክሩት፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው።