ግሉኮስ ሲሰካላት ትነሳለች፣ ግርግር ሲመጣ ትወድቃለች

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው። ውሻዬ ቡኒት ትባላለች፣ የሐበሻ ውሻ ናት፣ 4 ዓመቷ ነው። 12 ኪሎ ነበረች፣ አሁን 9 ተኩል ገብታለች። ከዓመት በላይ ሆዷ አልተስተካከለም። ታስመልሳለች፣ ያስቀምጣታል፣ ምግብ ትተዋለች፣ ከዚያ ለሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ያልነካት ትመስላለች። አራት ጊዜ ክሊኒክ ወስጃታለሁ። ግሉኮስ ይሰካላታል፣ መርፌ ትወጋለች፣ በማግስቱ ጭራዋን እየቆላች በር ላይ ትጠብቀኛለች። የትል መድኃኒትም ሜትሮኒዳዞልም ወስዳለች። ከስጋ ቤት የማመጣላትን ልፋጭ ትቼ ሩዝ በዶሮ አድርጌላታለሁ። በቀደም ደግሞ ዩሪያና ክሬቲኒን ከፍ ብሏል፣ ኩላሊቷ ሳይሆን አይቀርም ተባልኩ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። የሚገርመው፣ የምትታመመው ግርግር ሲኖር ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ርችት ሲተኮስ፣ ለእህቴ ሠርግ ድንኳን ሲተከል፣ አሁን ደግሞ የጎረቤት ቤት ሲፈርስ። እናቴ ቡዳ በልቷት ነው ትላለች። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እናትሽን ሰላም በይልኝ። የቡዳውን ነገር ለእሳቸው ልተወውና፣ የደብዳቤሽ ትልቁ ነገር መጨረሻ ላይ እንደ ቀልድ ጣል ያደረግሽው ነው። ርችት፣ ድንኳን፣ ዶዘር። እኔ ብሆን ሌላ የሆድ መድኃኒት ከመፈለጌ በፊት አድሬናል ዕጢዋን አስመረምር ነበር።

አድሬናል የሚባሉት ከሁለቱ ኩላሊቶች አጠገብ የተቀመጡ ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው። ኮርቲሶልና አልዶስትሮን የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል ሰውነት ጭንቀትን እንዲችል ያደርጋል፣ አንጀትንም ይጠብቃል። አልዶስትሮን ደግሞ ሶዲየም በሽንት እንዳይባክን፣ ፖታሲየምም እንዳይጠራቀም ኩላሊትን ያዛል። አብዛኛውን ጊዜ የውሻዋ የራሷ የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ዕጢዎቹን ያጠቃቸውና ሆርሞኑ ይጎድላል። ሕመሙ አዲሰን ይባላል። ከአዲስ አበባ ጋር ዝምድና የለውም፣ በ1855 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ የገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ስም ነው። ጃንሆይን በመስከረም 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ይኸው ሕመም ነበረባቸው።

ቤቱ ጸጥ ሲል ያለቻት ትንሽ ኮርቲሶል ታብቃቃታለች። ድግስ ሲመጣ ግን አትበቃም። ከዚያ ትውከቱም ተቅማጡም ይጀምራል፣ የኋላ እግሯም ይንቀጠቀጣል። ግሉኮስ እንላለን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚሰካው የጨው ውሃ ነው፣ የጎደላትም ጨውና ውሃ ስለሆነ ትነሳለች። በዚያ ላይ መርፌው ዴክሳሜታሶን ከነበረ የጎደለውን ኮርቲሶል ለጥቂት ቀን ተክቶላታል ማለት ነው። የተወጋችውን ስም ጠይቀሽ ጻፊው።

ወረቀትሽን አየሁት። ዩሪያና ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራቸው ቆሻሻዎች ናቸው፣ የሰውነት ውሃ ሲቀንስም ከፍ ይላሉ፣ ስለዚህ ኩላሊት ነው ብለሽ ለመደንገጥ አትቸኩዪ፤ ግሉኮስ ከወሰደች በኋላ ይለኩና ይታይ። እኔን ያስቆመኝ ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ደም ሴል ቁጥር ነው። ከፍ ብሏል። ውሻ በጣም ሲታመም ኮርቲሶሉ ይጨምራል፣ ሊምፎሳይቱም ዝቅ ይላል። እንዲህ ከስታ፣ እያስመለሰች፣ ደሟ ግን ፀሐይ እየሞቀች የተኛች ውሻ ደም ሲመስል ኮርቲሶሏ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነው።

ሶዲየምና ፖታሲየም ወረቀቱ ላይ የሉም። አስለኪያቸው። ሶዲየሙን ለፖታሲየሙ አካፍዪው፣ ከ27 በታች ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ለምሳሌ 132 እና 6 ቢሆን 22 ይመጣል። ሁለቱም ልክ ከሆኑም ነፃ ናት ማለት አይደለም። ኮርቲሶል ብቻ የጎደላቸው ውሾች አሉ፣ ለዓመታት «ሆዷ ስስ ነው» እየተባለ የሚኖሩት እነሱ ናቸው። በሌላ በኩል ጅራፍ የሚመስል የአንጀት ትል አለ፣ ልክ እንደ አዲሰን ሶዲየምን አውርዶ ፖታሲየምን የሚሰቅል። ሁሉም የትል መድኃኒት አይገድለውም፣ እንቁላሉም በአንድ ቀን ሰገራ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የትኛውን መድኃኒት እንደሰጠሻት አስታውሺና ሰገራዋን ደጋግመሽ አስመርምሪ።

ከዚያ ኮርቲሶል። ከ2 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ (በሌላው መለኪያ 55 ናኖሞል በሊትር) አዲሰንን ከሞላ ጎደል እርሺው። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ገና አልተረጋገጠም፣ ዕጢውን የሚቀሰቅስ መርፌ ተወግታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደሟ እንደገና ይለካል። ጤነኛ ዕጢ ይነሳል፣ የሞተው ዝም ይላል። ኮርቲሶል በሰውም በውሻም አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ሐኪምሽ ናሙናውን የሚቀበል የሰው ላቦራቶሪ ቢጠይቅልሽ አይገርምም። ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ጠይቁ።

እስከዚያው እባክሽ ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን (እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ ክኒን ነው) ገዝተሽ እንዳትሰጫት። ትድናለች፣ ችግሩም እሱ ነው። ክኒኑ በምርመራው ላይ ኮርቲሶል መስሎ ይነበባል፣ ውጤቱም ይበላሻል።

አዲሰን ከሆነ ሕክምናው ዕድሜ ልክ ነው፣ ግን ብዙዎቹ ደህና ይኖራሉ። የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ትንሽ ነው፣ ለእሷ ክብደት ከ5 ሚሊግራም ክኒን ግማሽ ያነሰ። አልዶስትሮኑም ከጎደለ ፍሉድሮኮርቲሶን የሚባል ክኒን ወይም በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌ ይጨመራል። ያለማቋረጥ ከየት እንደምታገኚው ከመጀመርሽ በፊት ተነጋገሩ። ርችትና ድግስ ሲኖር ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎኑን አስቀድሞ ከፍ ያደርግላታል።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ተለማመጂ። ከግራ ክንዷ ክርን ኋላ ደረቷ ላይ እጅሽን አድርጊ፣ የልቧን ምት 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በ4 አባዢ። የደከመችና የምታስመልስ ውሻ ልቧ መፍጠን ነበረበት። ተዝለፍልፋ ወድቃ ልቧ 60 ወይም ከዚያ በታች ቢመታ ፖታሲየሙ ልቧን ይዞታል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲነጋ አትጠብቂ፣ ራይድ ጥሪና ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ ነኝ። የኔ ውሻ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይበላል፣ ውሃ ይጨርሳል፣ ሆዱ ተንጠልጥሏል፣ ፀጉሩ ሳስቷል። ይሄም የዚያ ዕጢ ነገር ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ኮርቲሶል ሲበዛ ኩሺንግ ይባላል፣ ምልክቱም አንተ የጻፍከው ነው። ግን አንድ ነገር ሳትጽፍ ቀርተሃል፤ ለማሳከክ እየተባለ ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ መርፌ፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን ለወራት ወስዷል? ከወሰደ ምክንያቱ እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። አዎ ከሆነ መልስህ፣ በድንገት እንዳታቆምበት። መድኃኒቱ ሲሠራለት የኖረ ዕጢ ተኝቷል፣ በአንድ ቀን ከቆመበት እሱም እንደ ቡኒት ይወድቃል። ሐኪሙ በየሳምንቱ እየቀነሰ ያውጣው። ካልወሰደ ግን የደምና የሽንት ምርመራ ይደረግለት፣ ስኳርም ውሃ ያስጠጣልና።