ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ማሽኑስ ተከለለ?

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ ሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ናቸው። አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ «ሠራተኛና አመራር ያሉበት ኮሚቴያችን በየወሩ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤም ይጻፋል። መከለያው የወለቀው ማሽን ግን እንዳለ ነው። ታዲያ ኮሚቴው ምን ይፈይዳል?» (ደብረ ብርሃን፣ የፋብሪካ ሠራተኛ)

መልስ፦ እስኪ ቃለ ጉባኤውን ገልጣችሁ እዩት። «ማሽኑ እንዲጠገን ተወስኗል» ብሎ ያበቃል? ማን እንደሚጠግነው፣ በስንት ቀን፣ የዕቃ መግዣውን ማን እንደሚፈቅድ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ወርም ያንኑ ትወስናላችሁ። ብዙ ኮሚቴ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። አመራሩን ወክሎ የሚቀመጠው ሰው ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ከሌለውማ «ለበላይ አቀርባለሁ» ከማለት ሌላ ምን መልስ አለው? በካናዳዋ ኦንታሪዮ ኮሚቴው ምክረ ሐሳቡን በጽሑፍ ካቀረበ አሠሪው በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልስ ሕጉ ያስገድደዋል፤ አልቀበልም ካለም ምክንያቱን ይጽፋል። እናንተም ይህን መሰል ቀነ ገደብ በኅብረት ስምምነታችሁ (ማኅበራችሁ ከአሠሪው ጋር በሚፈራረመው ውል) አስገቡ፤ የሙያ ደህንነት በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ከሚችሉ ጉዳዮች አንዱ ነው። ማሽኑ ግን ስብሰባ አይጠብቅም። መከለያው እስኪገጠም ይቁም።

ጥያቄ፦ «ኮሚቴ የሥራ ሰዓት ይሻማብኛል። ግዴታ ነው?» (ደብረ ሲና፣ አሠሪ)

መልስ፦ አዎ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የደህንነት ሠራተኛ መመደብንና ኮሚቴ ማቋቋምን ከአሠሪው ግዴታዎች መካከል አስፍሮታል።

ጥያቄ፦ «የሠራተኛውን ተወካይ የመረጠልን ሥራ አስኪያጁ ነው። ችግር አለው?» (ሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ በጣም አለው። ሠራተኛው ያልመረጠው ሰው ዘንድ ሄዶ «ትናንት ለጥቂት ነው የተረፍኩት» የሚል የለም፤ ኮሚቴው ደግሞ አደጋን ቀድሞ የሚያውቀው በእንዲህ ያለ ወሬ ነው። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ስለ ብሪታኒያ ፋብሪካዎች የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የሠራተኛ ማኅበር የሰየማቸው ተወካዮች የሚገኙበት የጋራ ኮሚቴ ያላቸው ፋብሪካዎች፣ አመራሩ ብቻውን ከሚወስንባቸው ያነሰ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በማኅበራችሁ በኩል ምርጫ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ተመርጫለሁ፤ ነገር ግን ከተናገርኩ እባረራለሁ ብዬ እፈራለሁ።» (ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ በደሞዝ ቤት ለምታስተዳድር ሰው ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ሕጉ ግን ካንቺ ጋር ነው፦ የሠራተኞች ተወካይ መሆንም ሆነ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። ብቻሽን አትናገሪ። ጽፋችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ፈርሙ፣ ሲቀበሉም አስፈርሙ፣ ቅጂው ቤትሽ ይቀመጥ። መልስ ከጠፋ ያንኑ ቅጂ ለመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይዛችሁ ሂዱ።