የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሰፈር ቅርጫት፣ የመጋቢት ሌሊትና የጎልፍ ቁጥር

ሰሞኑን ከጎንደር የደረሱን ደብዳቤዎች ከወትሮው የተለዩ ናቸው። ስለ እግር ኳስ የሚጠይቅ አንድም የለም። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለቅርጫት ኳስና ለጎልፍ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ልጆች ሜዳ አላቸው፣ ቅርጫት ግን የለም። ወላጆች ገንዘብ አዋጥተን በያጅ ይዘናል። አንዱ ጎረቤት «ልጆች ስለሆኑ ቀለበቱን ሰፋ አድርጉት» ይላል፤ ሌላው ዝቅ ይደረግ ይላል። ትክክለኛው ልክ ስንት ነው? ምንስ እንግዛ?
(የልጆች አባት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ዝቅ ይደረግ ያሉት ጎረቤትዎ ልክ ናቸው፤ ቀለበቱ ግን አይስፋ። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቀለበቱ በ2.60 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ደንብ ነው። ከዚያ በላይ ላሉት 3.05 ሜትር ነው። አንዱን ምሰሶ ለሁለቱም መጠቀም ከፈለጉ ሰሌዳውን የሚይዙት ቡሎኖች የሚገቡበትን ቀዳዳ በሁለት ከፍታ ያስበሱ። ሰፊ ቀለበት ላይ የለመደ ልጅ ትክክለኛው ላይ ሲሄድ ውርወራውን እንደገና መማር ስለሚኖርበት ውለታ የዋልንለት መስሎን እንጎዳዋለን።

የቀለበቱ ስፋት ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። በብየዳ ቤት ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በያጁ 45 ሲባል ከውጭ ለክቶ ካጠፈው፣ በ16 ሚሊ ብረት ውስጡ 41.8 ብቻ ይሆናል። ኳሱ ራሱ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ሦስት ሴንቲ ሜትር ቀላል አይደለም። ስሌቱን ለበያጁ አትተዉለት፤ 16 ሚሊ ክብ ብረት በ146.5 ሴንቲ ሜትር አስቆርጣችሁ ስጡት። ሁለቱ ጫፎች ሲገጥሙ ውስጡ 45 ይመጣል። ለግንባታ የሚውለው ጥርስ ያለው ፌሮ አይሁን፤ መረቡን ይበጣል፣ ጣትም ይልጣል። ለስላሳውን ክብ ብረት ጠይቁ። መገጣጠሚያው በሰሌዳው በኩል ይዋል፣ በግራይንደርም ይስተካከል። የመረቡ ማንጠልጠያዎች 12 ናቸው፤ የልጅ ጣት እንዳይያዝ ክፍተታቸው ከ8 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከሰሌዳው ፊት እስከ ቀለበቱ የቅርብ ውስጥ ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ይተው።

ሰሌዳው ወርዱ 1.80፣ ቁመቱ 1.05 ሜትር ነው፤ ቀለበቱ በ3.05 ሲሰቀል የሰሌዳው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 2.90 ላይ ያርፋል። ላሜራ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ይርገበገባል፤ ኳሱ ሲነካው ጉልበቱን ስለሚውጠው ልጆቹ ሰሌዳን ተጠቅሞ ማግባት አይማሩም። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይሻላል። የእሱ ጠላት ደግሞ የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ነው። ውኃ የሚገባው በፊቱ ሳይሆን በተቆረጠው ጠርዝና በቡሎን ቀዳዳዎቹ ነው፤ ስለዚህ ፊቱን ሁለት እጅ ከቀባችሁ ጠርዙን ሦስት እጅ የዘይት ቀለም አጠጡት። ቀዳዳዎቹም ከመገጠሙ በፊት ከውስጥ ይቀቡ።

ለምሰሶው 4 ኢንች ቱቦ ይበቃል። ጉድጓዱ 60 በ60፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ይሁን። አርማታው 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር ሆኖ አንድ ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ይወስዳል። ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ሰሌዳው ከዚያ በፊት አይሰቀል። ልጆቹ እንደሚቸኩሉ እናውቃለን፣ ግን በሦስተኛው ቀን የተሰቀለ ሰሌዳ ምሰሶውን ያዘነብለዋል፤ ያዘነበለው ምሰሶ ደግሞ ካልተቆፈረ አይቃናም። ሰሌዳው ከመስመሩ 1.20 ሜትር ወደ ሜዳው ገብቶ እንዲቆም ከምሰሶው ክንድ ይውጣለት፣ ከሥሩም ሰያፍ ድጋፍ ይበየድለት። ከፍታው ሲለካ ከአርማታው ጫፍ ሳይሆን ልጁ ከሚቆምበት መሬት ነው።

መስመሩን ለማስመር ከቀለበቱ መካከል ቱንቢ ጣሉና ቱንቢው ያረፈበት ላይ ሚስማር ምቱ። ከሚስማሩ 6.75 ሜትር ገመድ ይዞ የዞረ ሰው የሦስት ነጥቡን መስመር ያገኛል። በግራና በቀኝ ጥግ በኩል ግን ከሚስማሩ ትክክል ወደ ጎን በ6.60 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። የነጻ ውርወራው መስመር ከሰሌዳው ፊት 4.60 ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ ኳሳችን ጠዋት አትነጥርም፣ ከሰዓት ትነጥራለች። ተበስታ ነው?
(ተማሪዎች፣ ከማራኪ)

መልስ፦ አልተበሳችም። ቅዝቃዜ ነው። አየሩ በ15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 8 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ ኳስ 1 ፒኤስአይ ያህል ያጣል። ሌሊት ቤት አሳድሯት። ለመፈተን የታችኛው ጠርዟ 1.80 ሜትር ላይ እንዲሆን ይዛችሁ ሳትገፉ ልቀቋት፤ ታችዋ እስከ 1.05 ሜትር አካባቢ ከተመለሰ ልክ ናት። ስትነፏት መርፌውን በውኃ አርሱት፤ ደረቅ መርፌ የአየር ማስገቢያውን ላስቲክ ይቀደዋል። ያን ጊዜ ነው በእውነት የምትበሳው።

ጥያቄ፦ መጋቢት በመጣ ቁጥር እኔና ጓደኞቼ ሻይ ቤት ተሰብስበን የአሜሪካ ኮሌጆችን ውድድር ውጤት እንገምታለን። ሁልጊዜ ከፍ ያለ ደረጃ ያለውን ቡድን እመርጣለሁ፣ ሁልጊዜ እኔው ሻይ ጋባዥ እሆናለሁ። ኤንቢኤ ላይ እንዲህ አይሆንም። ምክንያቱ ምንድን ነው?
(የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ዋናው ምክንያት የሙከራ ቁጥር ማነስ ነው። ሳንቲም አሥር ጊዜ ብትወረውር ሰባት ጊዜ ዘውድ ሊመጣ ይችላል፤ መቶ ጊዜ ብትወረውር ሰባ አይመጣም። በወንዶች የኮሌጅ ጨዋታ ሁለት ባለ 20 ደቂቃ አጋማሾች አሉ፤ አንድ ቡድን ለመወርወር 30 ሴኮንድ አለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን 70 ጊዜ ያህል ያጠቃል። ኤንቢኤ 48 ደቂቃና 24 ሴኮንድ ስለሆነ ወደ 100 ይጠጋል። በዚያ ላይ የኤንቢኤ ጥሎ ማለፍ እስከ ሰባት ጨዋታ ይሄዳል፤ ኮሌጅ ግን አንድ ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል። ከ2011 (ሁሉም ዓመት በፈረንጆች ነው) ጀምሮ 68 ቡድኖች በ67 ጨዋታ አንድ ሻምፒዮን ያወጣሉ። የሦስት ነጥብ መስመሩም 6.75 ሜትር ነው፤ የኤንቢኤው መካከሉ ላይ 7.24 ስለሆነ ለትንሽ ቡድን ተኳሾች የኮሌጁ ይቀርባል።

ሌላው ፋውል ነው። ኮሌጅ ላይ ተጫዋች በ5 ፋውል ይወጣል፣ ኤንቢኤ ላይ በ6። ስለዚህ የትልቁ ቡድን ረጅም ተጫዋች በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ሲያገኝ አሠልጣኙ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጨዋታው የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ በዚያች ሰዓት ነው። እንዲሁም በአንድ አጋማሽ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ፋውል ድረስ ወርዋሪው ሁለተኛ ውርወራ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ካገባ ብቻ ነው። ከ10ኛው ጀምሮ ሁለቱንም ያገኛል። እየመራ ያለ ቡድን ነጻ ውርወራ ካልቻለ መሪነቱ በዚህች ሕግ ይሸረሸራል።

ወደ ግምትህ እንምጣ። ቡድኖቹ በአራት ምድብ ተከፍለው በየምድቡ ከ1ኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል። 1ኛ ደረጃ ከ16ኛ ሲገናኝ ያለ ማመንታት 1ኛውን ምረጥ። ከ1985 እስከ 2025 ከተደረጉት 160 ጨዋታዎች የተሸነፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ በ2018 ቨርጂንያ በዩኤምቢሲ 74 ለ54፣ በ2023 ፐርዱ በፌርሊ ዲኪንሰን 63 ለ58። 5ኛው ከ12ኛው ሲገጥም ግን 12ኛው ከሦስቱ አንዱን ያህል ያሸንፋል፤ ከአራቱ ምድቦች ጨዋታዎች በአንዱ 12ኛውን ውሰድ። የትኛውን? ኳሱን ይዞ የሚያዘገየውን ምረጥ፤ የሙከራው ቁጥር ይበልጥ ስለሚቀንስለት። ኳስ አቀባዮቹ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከሆኑና ቡድኑ ከአራት ነጻ ውርወራ ሦስቱን የሚያገባ ከሆነ ይበልጥ ተማመንበት። በስም ብቻ መምረጥህን ከተውክ ሻዩን ሌላ ሰው ይጋብዛል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በመጋቢት ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ቅርጫት ኳስ ያያል። ቴሌቪዥኑ ልጆቹን ይቀሰቅሳቸዋል፣ እሱም ሥራ ቦታ ያንቀላፋል። ተው ማለት አልፈልግም፣ የሚወደው ነገር ነው። መላ አላችሁ?
(የቤት እመቤት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ አለን፣ የእርስዎም አሳብ ደግ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በሰዓት ስሌት ተሳስቶ ያለ ጊዜው ይነሳል። አሜሪካኖች በመጋቢት መጀመሪያ ገደማ ሰዓታቸውን ስለሚያስተካክሉ ከዚያ በኋላ ከምሥራቅ ዳርቻቸው ጋር ያለን ልዩነት 7 ሰዓት ነው። የእኛ አቆጣጠር ሲገባበት ነገሩ ይቀላል፦ በእነሱ ሰዓት ላይ አንድ ይደምሩ። የእነሱ ማታ 9 የእኛ ሌሊት 10 ነው። የእነሱ ቀትር 12 የእኛ ምሽት 1 ሰዓት ነው። (በክረምታቸው ሁለት ይደመራል።)

አሁን የሚበልጠው ዜና፦ የመጀመሪያው ዙር ሐሙስና ዓርብ ሲካሄድ በየቀኑ 16 ጨዋታ አለ፣ የሚጀምረውም በእነሱ ቀትር ላይ ነው። ባለቤትዎ ከራት በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሁለት ጨዋታ አይቶ 5 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛት ይችላል። አንድ ጨዋታ ከነእረፍቱ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። በውድድሩ ሁሉ ከልብ ሌሊት መነሳት የሚገባው ለሁለት ቀን ነው። የግማሽ ፍጻሜው ቅዳሜ ማታቸው ስለሆነ ለእኛ እሁድ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማና 10 ሰዓት ገደማ ይጀምራል፤ ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ቢያይ ይመረጣል። ፍጻሜው ለማክሰኞ አጥቢያ 10 ሰዓት ግድም ነው። ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይተኛ፣ ማንቂያውን ይሙላ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ። ከፍጻሜ በኋላ መልሶ ለአንድ ሰዓት መተኛት ድካሙን ሊያባብስ ይችላል፤ ተነስቶ ፊትን ታጥቦ መዋል ይሻላል። ዐቢይ ጾም ስለሆነም ሥጋና እንቁላል የሌለበት የማታ ምግብ ቀለል ይበል፤ ከባድ ሽሮ በልቶ 3 ሰዓት መተኛት አይቻልም።

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ተጫዋቾች አማተር ናቸው ወይስ ደመወዝተኛ?
(ያለ አድራሻ)

መልስ፦ አማተር የሚለው ቃል ለእነሱ ከእንግዲህ አይገጥምም። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ ሠርተው መከፈል ተፈቀደላቸው፤ ከ2025 ወዲህ ኮሌጆቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። ልጆቹ የሚያስገቡትን ገንዘብ ለሚያይ ይህ ፍትሐዊ ነው። ጎልፍ ላይ ግን አማተርነት አሁንም ድንበር አለው። ከ2022 ወዲህ ባለው ሕግ ያለ ሃንዲካፕ (ለደካማው ተጫዋች የሚሰጥ የምት ማካካሻ) በሚደረግ ውድድር እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ሽልማት መቀበል ይቻላል፤ በሃንዲካፕ ውድድር ግን ጥሬ ገንዘብ አይነካም።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለገና ሲመጣ አዲስ አበባ ላይ ጎልፍ እንድንጫወት ጠይቆኛል። ሃንዲካፑ 12 ነው አለኝ። እኔ በእጄ የያዝኩት የገና ዱላ ብቻ ነው። ሃንዲካፕ ምንድን ነው? እኩል ልንጫወት እንችላለን? ጎንደር ሆኜስ ምን ልለማመድ?
(ታናሽ ወንድም፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ የጎልፍ ውበቱም ይኸው ነው። ሃንዲካፕ ማለት ተጫዋቹ በተለመደ ጥሩ ቀኑ ከሜዳው ልክ ስንት ምት ያህል እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከመታኸው ምት የሜዳውን ደረጃ (ጎበዝ ተጫዋች በዚያ ሜዳ እንዲመታ የሚጠበቅበትን የምት ቁጥር) ቀንስ፣ በ113 (የመደበኛ ሜዳ ክብደት ነው) አባዛ፣ ለሜዳው የክብደት ቁጥር (ሜዳው ለተራ ተጫዋች ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያሳየው) አካፍል። ደረጃው 71.2፣ ክብደቱ 125 የሆነ ሜዳ ላይ 98 ምት የመታ ሰው 24.2 ያገኛል። ለጀማሪ 54 ጉድጓድ (ባለ 18 ጉድጓድ ሦስት ዙር) መጫወት ይበቃል። ሦስት ዙር ከሆነ ከሦስቱ ትንሹ ይወሰድና 2 ይቀነስለታል፤ በምሳሌያችን 24.2 ትንሹ ቢሆን 22.2 ይሆናል። ዙሩ ሲበዛ ከመጨረሻዎቹ 20 ምርጥ 8ቱ ይታሰባሉ። ከፍተኛው ሃንዲካፕ 54 ነው። ወንድምህ 12፣ አንተ 22 ብትሆኑ በአሥሩ ከባድ ጉድጓዶች ላይ አንድ አንድ ምት ይቀነስልሃል። አንተ ቁጥር ገና ስለሌለህ ከመጀመራችሁ በፊት ስንት እንደሚሰጥህ ተስማሙ፤ ከተጀመረ በኋላ የሚደረግ ድርድር ወንድማማች ያቀያይማል።

ልምምድህ የመጨረሻዋን አጭር ምት ይሁን። 72 ምት የሚባለው ልክ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት የሳር ላይ ምት ታሳቢ አድርጎ የወጣ ስለሆነ ግማሹ፣ 36ቱ፣ እዚያ ነው። ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ኳሱ 42.67። ቤትህ ሊሾ ወለል ላይ በጠመኔ 108 ሚሊ ሜትር ክብ ሥራና ከ1.5 ሜትር በየቀኑ 50 ኳስ ምታ። ክንድና ትከሻህ አብረው እንደ ሰዓት ፔንዱለም ይወዛወዙ፣ አንጓህ አይታጠፍ። በገና ጨዋታ እሩሯ እየሮጠች፣ አንተም እየሮጥክ ስለምትመታ ሰውነትህ ከዱላው ጋር ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን ልማድ ነው የምትጥለው። ኳሱ ከሄደ በኋላም ዓይንህ የነበረበት ቦታ ላይ ይቆይ፤ ገባ አልገባ በጆሮህ ስማ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስ ይላል፣ ኳሱም ባሕር ጠለል ላይ ከሚሄደው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይጨምራል። በዝቅተኛ አገር የለመደው ወንድምህ በመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ከዒላማው አልፎ ይመታል፤ ይህን አስቀድመህ ብትነግረው የወንድም ወግ ነው። ኳስህ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባች የመፈለጊያ ጊዜህ 3 ደቂቃ ነው። ትጠፋለች ብለህ ከጠረጠርክ ፍለጋ ከመሄድህ በፊት «ጊዜያዊ ኳስ እመታለሁ» በልና ከነበርክበት ሌላ ምታ። ይህን ቃል ሳትናገር ከመታህ ግን አዲሷ ኳስ ትጸድቃለች፣ የድሮዋ ብትገኝም አትቆጠርልህም።