ራሱን የሚያደቅቅ ግሪድ ለብዙ ኮር ስለማከፋፈል ጠይቁኝ

ሰላም ጓዶች፣ ሲሙሌሽን እየሄደ መሀል ላይ ግሪዱ የሚደቅባችሁ፣ ማለትም የግሪዱ ሴሎች (ቦታው የተከፈለባቸው ክፍሎች) አንዳንድ ቦታ ላይ ወደ ትንንሽ የሚከፈሉባችሁ ሰዎች ጥያቄ አምጡ። መጀመሪያ ግን ለኩ፣ ሳትለኩ አትምጡ።

ቤዛ፦ መጀመሪያ እኩል ከከፈልኩት ለምን ደግሜ እከፍላለሁ?

መልስ፦ 64 ኮር (ስሌቱን ጎን ለጎን የሚሰሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች) አለሽ እንበል፣ በአማካይ 10,000 ሴል ደርሷቸዋል፣ ሾኩ (ግፊቱ በድንገት የሚዘልበት ቦታ) ያለበት ኮር ላይ ግሪዱ ደቆ 13,000 ገባ። በቃ ሌሎቹ እሱን ይጠብቃሉ፣ እያንዳንዱ የስሌት እርምጃ በ30 በመቶ ገደማ ይረዝማል።

ናቲ፦ እና በየእርምጃው ሜቲስን (ግሪድ የሚከፋፍለውን ፕሮግራም) ልጥራ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ሜቲስ የድሮውን ክፍፍል አያውቀውም፣ ከዜሮ ነው የሚነሳው፣ ትንሽ ቦታ ስለደቀቀ ብቻ ዳታው በሙሉ ከኮር ኮር ሊሰደድ ይችላል። ፓርሜቲስ (በብዙ ኮር የሚሄደው ሜቲስ) ውስጥ ያለው አዳፕቲቭ የሚባል አከፋፈል የድሮውን ይዞ ይነሳል፣ እሱም ቢሆን በየእርምጃው አይጠራም። እርምጃው 0.2 ሰከንድ እያባከነብህ ማዛወሩ 6 ሰከንድ ከፈጀ ቢያንስ 30 እርምጃ ካልሄድክበት አይክስህም። ለካ!

ሳሚ፦ የኔ ኮድ ቀርፋፋ ነው ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ኮር? ስንት ሴል? ትልቁ ለአማካዩ ሲካፈል ስንት መጣ? ይሄን ይዘህ ና።

ሄለን፦ ሂልበርት ከርቭስ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! የሂሳብ ሊቁ ሂልበርት እ.ኤ.አ. በ1891 ያወጣት መስመር ናት፣ ሴሎቹን ሁሉ በአንድ ክር ትሰካቸዋለች፣ አንቺ ክሩን በክብደት (በስራ ብዛት) እኩል እኩል ትቆርጪዋለሽ። ሴል ሲደቅ ልጆቹ እናታቸው በነበረችበት ቦታ ክሩ ላይ ይሰካሉ፣ ስለዚህ የሚንሸራተተው መቁረጫው ብቻ ነው፣ የሚዛወረውም ዳታ በአብዛኛው ክሩ ላይ ጎረቤት ወደሆነው ኮር ነው የሚሄደው። ስሌቱ ድምር እንጂ ግራፍ (ማን ከማን ጋር እንደሚጎራበት የሚያሳይ መረብ) እንኳን አይፈልግም፣ ፒ4ኢስት የሚባለው የግሪድ ላይብረሪም በዚሁ ሀሳብ ነው የሚሰራው፣ የሱ መስመር የሞርተን የሚባለው ሌላ መስመር ይሁን እንጂ። ጉዳቱ የክፍሎቹ ድንበር ከሜቲስ ይልቅ የተንዘላዘለ መሆኑ ነው፣ ግሪዱ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ከሆነ ግን እኔ እሱን እችለዋለሁ።

ናቲ፦ ድንበሩ ከረዘመ እኮ ኤጅ ከት (ድንበሩ የሚቆርጣቸው የጎረቤት ግንኙነቶች ብዛት) ይጨምራል፣ ዋናው እሱ ነው።

ዮኒ፦ አይደለም፣ አንድ ሴል ሌላ ኮር ላይ 3 ጎረቤት ካለው ኤጅ ከት 3 ይቆጥራል፣ ዳታው የሚላከው ግን አንዴ ነው። ለዚህ ነው ሃይፐርግራፍ (የሚላከውን ዳታ በትክክል የሚቆጥር አከፋፈል) የመጣው።

ናቲ፦ ሃይፐርግራፍ ግን ራሱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ ዮኒ ልክ ነው፣ ናቲም ስለ ጊዜው ልክ ነህ። ሁለታችሁም በራሳችሁ ግሪድ ለኩና ቁጥር አምጡ።

ሊያ፦ በየስንት እርምጃው ነው ደግመን የምንከፍለው?

መልስ፦ ለናቲ መልሻለሁ፣ ከላይ አንብቢ።

ሳሚ፦ ለካሁ፣ 1.04 መጣ።

መልስ፦ እንግዲያው ክፍፍሉን አትንካው፣ ችግርህ ሌላ ቦታ ነው።