ልቤ ካገገመ መድኃኒቱን ላቁም?

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ በልብ ድካም ዙሪያ ናቸው።

«የልብ ድካም አለብሽ ሲሉኝ ልቤ ሊቆም ነው ብዬ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ» ላልሽኝ እህት፦ አይዞሽ፣ እንደዚያ ማለት አይደለም። ልብሽ ሰውነትሽ የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት አቅቶታል ማለት ነው። በሕክምና አቅሙ የሚመለስለት ብዙ ሰው አለ።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ) መቼ ይደገም ላልከኝ፦ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በትክክል ከተወሰደ ከ3 እስከ 6 ወር በኋላ።

አንድ አባት ደግሞ ከዓመት በፊት ኢኮ ሲታዩ ልባቸው በአንድ ምት የሚረጨው ከያዘው ደም 25 በመቶውን ብቻ ነበር። ዘንድሮ 55 ሆኗል። ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉ፣ ትንፋሽ ሳያጥራቸው በአንድ ትራስ ይተኛሉ። «ድኛለሁ፤ ለምንድነው በየቀኑ እፍኝ ክኒን የምውጠው?» ይላሉ።

አባቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። 55 የጤነኛ ልብ ቁጥር ነው። ክኒኑን ግን እባክዎ እንዳያቆሙ! ልብዎ የተነሳው መድኃኒቱ ሸክሙን ስላቀለለለት ነው። ነገሩ ተሞክሮ ታይቷል። እንግሊዝ አገር ልባቸው ሰፍቶ ከደከመ በኋላ ያገገሙ 51 ሰዎች ተመርጠው፣ ግማሽ ያህሉ መድኃኒቱን ደረጃ በደረጃ እንዲያቆሙ ተደረገ። በ6 ወር ውስጥ ካቆሙት 44 በመቶው ላይ ሕመሙ ተመለሰ። ከቀጠሉት ግን አንድም ሰው ላይ አልተመለሰም። ውጤቱ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ክኒኑ በዛብኝ ካሉ ለልብ ሐኪምዎ ይንገሩ። እንደ ላሲክስ ያለው የሚያሸና መድኃኒት ሊቀነስልዎ ይችላል። የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ነው፤ እርስዎም፣ ጎረቤትም፣ እኔም አይደለንም።

እናቷ ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ጀምረው እግራቸው ያበጠባት ልጅ ጽፋልኛለች። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ ለደከመ ልብ አይሆኑም። ዛሬውኑ ወደ ሐኪማቸው ደውይና ሌላ ማስታገሻ ይታዘዝላቸው። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ውኃ ነው። በየጠዋቱ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ቀጠሮ አትጠብቂ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ከወሊድ በኋላ ልቧ ደክሞ ያገገመችውና ሁለተኛ ልጅ ያማራት እናት፦ ከማርገዝሽ በፊት የልብም የማህፀንም ሐኪም አማክሪ። ይሄን የምለው ለወጉ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ያገገመ ልብም በእርግዝና ዳግም ሊደክም ይችላል፤ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የልብ ድካም መድኃኒቶች ደግሞ ፅንሱን ይጎዳሉ።

በእግር መሄድ ይፈቀድልኛል ላሉኝም፦ ሐኪምዎ ካልከለከለዎት አዎ። እየሄዱ ማውራት ካቃተዎት ፍጥነቱን ይቀንሱ።