መልስ፦ ለኮንቴንደር አፈሙዝ ማን ይሻላል?

ወንድሜ፣ አሜሪካ ላለው ቶምፕሰን ሴንተር ኮንቴንደርህ አዲስ አፈሙዝ ማን ቢሠራው ይሻላል ብለሃል። ዋጋውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ባለሙያውን «ኮንቴንደር ሠርተህ ታውቃለህ?» በለው። ጎበዝ የጠመንጃ ባለሙያ ሁሉ ይህን ሽጉጥ አያውቀውም።

ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ይህ ባለ አንድ ጥይት ሽጉጥ ታጥፎ ነው የሚከፈተው። አፈሙዙ በአንድ ፒን ተይዞ ይቀያየራል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ሽጉጡ ሲዘጋ በጥይቱ ቂጥና በሽጉጡ አካል (አፈሙዙ በሚገጠምበት ክፍል) መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ከበዛ ቀለሁ ይለጠጣል፣ ሊበጠስም ይችላል። ካነሰ ደግሞ ሽጉጡ በደንብ አይዘጋም። እንዴት እንደሚለካው አስረዳኝ በለው፤ ከተምታታበት ሌላ ፈልግ። «አካሉንም አብረህ ላክልኝ» ካለህ ግን ደስ ይበልህ፣ በራስህ ሽጉጥ ላይ ሊለካልህ ነው። በፌዴራል ሕግ መሣሪያ የሚባለው አካሉ ስለሆነ፣ የምትልክለት ሰው ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጥ። (የስቴትህንም ሕግ እይ፤ አንዳንዱ ጠበቅ ይላል።)

በ308 ዊንቸስተር ጥይት ልሥራልህ የሚልህ ካለ ሽሸው። የዚህ ጥይት ግፊት ለኢንኮር (የዚያው ኩባንያ ጠንከር ያለ ሌላ ሞዴል) እንጂ ለኮንቴንደር አይሆንም። የኢንኮር አፈሙዝም ያንተ ላይ አይገጥምም፣ ርካሽ አገኘሁ ብለህ እንዳትገዛ።